ከሥጋ ገበያ የተገኘ የእስፓንኛ ትምህርት

የባዕድ አገር ቋንቋ ለመማር የሚነሣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያጠናው ሰላምታን ነው። «እንደምን አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»፣ «ስምዎ ማን ይባላል» የሚሉትን ካወቀ በኋላ ቍጥርን ይማራል፤ ከቍጥርም ቀጥሎ የቀናትንና የወራትን ስም ያጠናል። የማስተማሪያ መጻሕፍቱም የተሰናዱት በዚሁ ሥርዐት ነው። የከብትና የሥጋ ስም ግን ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፉ መጨረሻ አጠገብ፣ ተማሪው በደከመበት ሰዓት ይመጣል። ይህ አሰላለፍ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የምስር ወጥ ሳሕን ነው። ነገሩም እንዲህ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ቋንቋ ለመማር ለሦስት ወር ያህል ወደ እስፓኝ አገር ሄጄ ነበር። ያረፍሁትም ካስቲያ በተባለው ደጋማ አገር፣ በአንዲት መለስተኛ ከተማ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ካለፈ ባልቴት ቤት ነው። እኒህ ደግ ሴት ለተማሪ ክፍል እያከራዩ ምሳና ራት ያበላሉ። ከቤታቸው በገባሁ በሦስተኛው ቀን ረቡዕ ሆነ። ጾም ነውና ማታውኑ መዝገበ ቃላት ገልጬ አንዲት ዐረፍተ ነገር አሰናዳሁ። ጧት ከክፍሌ እንደ ወጣሁም «ኦይ፣ ሲን ካርኔ፣ ፖር ፋቦር» አልኋቸው። ትርጕሙ «ዛሬ ሥጋ የሌለበት ያድርጉልኝ፣ እባክዎ» ማለት ነው። ባለቤቲቱም በደስታ ራሳቸውን ነቅንቀው «ክላሮ፣ ኢኾ!» አሉኝ፤ «እንዴታ፣ ልጄ!» ማለታቸው ነው።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ የቀረበልኝ የምስር ወጥ ነው። ምስር ከሆነ ምን ያሰጋል በማለት አማትቤ መብላት ጀመርሁ። ሳሕኑን ካጋመስሁት በኋላ ግን ከማንኪያዬ ላይ አንዲት ቀይ ቍራጭ አየሁ። ካሮት መስላኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ካሮት ስብ የለውም። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ቾሪሶ» አሉኝ። ቾሪሶ ማለት በቀይ በርበሬ ታሽቶ፣ በአንጀት ውስጥ ተጠቅጥቆ የደረቀ የዐሣማ ሥጋ ነው። «ሥጋ የሌለበት አላልሁዎትምን?» ብላቸው፣ «ሥጋማ የለበትም፤ ይህ እኮ ቾሪሶ ነው! እንዲጣፍጥልህ ብዬ ጥቂት ጣል አደረግሁበት» ሲሉ በፍጹም ቅንነት መለሱልኝ።

አንድም ጾሜ ፈረሰ፤ አንድም ከተወለድሁ ጀምሮ ቀምሼው የማላውቀውን ሥጋ በላሁ። የተታለልሁ ስለ መሰለኝም ምስጋና እንኳ ሳላቀርብ ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ከበሩ ወዲያ ሳሕን ሲነሣ ይሰማኝ ነበር፤ ሌላ ድምፅ ግን አልነበረም። የሴትዮዋ ፊት እንዴት እንደ ጠቈረ ያስታወስሁት ቍጣዬ ከበረደ በኋላ ነው።

ሥጋ ሁሉ ሥጋ አይባልም

በዚያች ሌሊት መዝገበ ቃላቴን መልሼ ገለጥሁ። «ካርኔ» ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው ትርጕም «ሥጋ» ነው። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፤ ባለቤቲቱም አልዋሹም። የእስፓኝ ሰው በተለመደው ንግግሩ «ካርኔ» ሲል በዐይነ ልቡናው የሚታየው ጥሬ ሆኖ ከሥጋ ሻጭ የሚገዛው፣ የሚጠበሰው ወይም የሚቀቀለው ሙዳ ነው። ኻሞን የሚባለው በጨው የደረቀው የዐሣማ ታፋ፣ ቾሪሶውና ሌላው ቋሊማ፣ አንዳንድ ጊዜም ዶሮው ሳይቀር እያንዳንዱ የራሱ ስም ስላለው «ካርኔ» በሚለው ቃል ውስጥ አይታሰብም። ስለዚህ በዚያ አገር «ሥጋ አልበላም» ያለ እንግዳ በቅንነት ኻሞን የተነሰነሰበት ሰላጣ ቢቀርብለት የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገሩን ደጋግሜ ባስበው ጊዜ እኛም ከዚህ የራቅን እንዳይደለን ተገነዘብሁ። አንድ የአዲስ አበባ ሰው «ዛሬ ሥጋ አማረኝ» ቢል ዶሮ አምሮት ነው ብሎ የሚያስብ ማን ነው? «የሥጋ ወጥ ይሻልሃል ወይስ የዶሮ ወጥ?» ብለን ስንጠይቅ ዶሮን ከሥጋ አውጥተን እኮ ነው። የእኛን አነጋገር የማያውቅ እንግዳ ዶሮ ሥጋ የለውም ወይ ብሎ ቢገረም ይፈረድበታልን? ቃል በመዝገብ ላይ አንድ ነው፤ በወጥ ቤት ግን ሌላ ነው።

በማግሥቱ ጧት ባለቤቲቱ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቅርጫታቸውን ይዘው ከበራፌ ቆመው አገኘኋቸው። «ፔርዶን፣ ሴኞራ» አልሁ፤ «ይቅርታ፣ እመቤት» ማለት ነው። እርሳቸውም እጄን መታ መታ አድርገው «ና፣ እንሂድ» አሉኝና ወደ ገበያ ይዘውኝ ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርቴ በሁለት ተከፈለ፤ ከሰዓት በኋላ ከመምህር፣ ጧት ጧት ከሴኞራ ጋራ ከሥጋ ገበያ።

ለእኛ አንደበት የቀረበ ቋንቋ

ወደ ገበያው ከመግባታችን በፊት ስለ ፊደሉና ስለ ድምፁ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ስንማር ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን የሚጻፈውና የሚነበበው አለመስማማቱ ነው። እስፓንኛ ግን እንደ ተጻፈ ይነበባል። አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ሲሆኑ እነርሱም አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ ናቸው። ከእኛ ሰባት ድምፆች መካከል የግዕዙና የሳድሱ ቢጐድሉ ነው እንጂ አንድም እንግዳ የለባቸውም።

ተነባቢዎቹም ቢሆኑ አያሠጉንም። እንግሊዞች አንድ ፊደል ያላበጁለትን «ኘ»ን እስፓኞች በራሱ ፊደል ይጽፉታል። አገራቸውን «እስፓኛ» ብለው ሲጠሩ በዚሁ ድምፅ ነው፤ አባቶቻችንም «እስፓኝ» ያሉት ድምፁን ጠብቀው ነው። ከጉሮሮ የሚወጣውን «ኸ»ንም አያጡትም፤ በግ «ኦቤኻ» ይባላል። የ«ረ» መጥበቅና መላላትም እንደ እኛው የቃሉን ትርጕም ይለውጣል። «ፔሮ» ላልቶ ሲነገር «ግን» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ውሻ ነው። «ገና» ላልቶ «እስካሁን»፣ ጠብቆ ደግሞ የልደት በዓል እንደሚሆን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እነርሱ ሲጠብቅ ፊደሉን ሁለት ጊዜ መጻፋቸው ብቻ ነው።

አክብሮትም አለ። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» እንደምንል እነርሱም «ቱ» እና «ኡስቴድ» ይላሉ። «ኡስቴድ» የሚለው ቃል «ብዌስትራ ሜርሴድ» ከሚለው አነጋገር አጥሮ የመጣ ሲሆን ይህም «ቸርነትዎ» እንደ ማለት ነው። እኔ ሴኞራን «ኡስቴድ» ስላቸው፣ እርሳቸው እኔን «ቱ» ይሉኝ ነበር፤ እንዲህ መሆኑም አገሬን አስታወሰኝ።

በበረት ውስጥ

እንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች የከብቱ ስም ሌላ፣ የሥጋው ስም ሌላ መሆኑን በግድ አጥንተናል። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው በያዙ ጊዜ ከብቱን የሚያረባው ባላገር በገዛ ቋንቋው ሲጠራው፣ ሥጋውን የሚበላው መኰንን በፈረንሳይኛ ስለ ጠራው ነው ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በእስፓንኛ ግን እንዲህ ያለ ድርብ ሸክም የለም። «የበግ ሥጋ» እንደምንል «ካርኔ ዴ ኮርዴሮ»፣ «የላም ሥጋ» እንደምንል «ካርኔ ዴ ባካ» ይላሉ። ከዚህ ሥርዐት የሚያፈነግጠው ዋናው ዓሣ ነው። በውሃ ውስጥ ሲዋኝ «ፔስ» ይባላል፤ ተይዞ ለምግብ ሲቀርብ «ፔስካዶ» ይሆናል፤ ይኸውም «የተጠመደ» ማለት ነው። በሕይወት ያለውን ዓሣ «ፔስካዶ» የሚል ሰው ገና በባሕር ሳለ ጠበሰው ማለት ነው።

የወንዴና የሴቴ ስም በአመዛኙ ቀላል ነው። በ«ኦ» የሚጨርሰው ወንዴ፣ በ«አ» የሚጨርሰው ሴቴ ነው። ዳሩ ግን ለኑሮ እጅግ የሚያስፈልጉት እንስሳት ለወንዱም ለሴቷም የተለያየ ስም አላቸው። ኮርማው «ቶሮ»፣ ላሟ «ባካ»፤ አውራው በግ «ካርኔሮ»፣ እንስቷ «ኦቤኻ»፤ ፈረሱ «ካባዮ»፣ ባዝራዪቱ «ዬጓ» ይባላሉ። ይህም የእኛው ልማድ ነው፤ እኛም ፈረስና ባዝራ፣ በሬና ላም እንላለን እንጂ «ሴት በሬ» አንልም። የሰው ልጅ አብሮት ለሚኖረው ነገር ስም አይሰስትም።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። ጥጃው «ቴርኔሮ»፣ ጥጃዪቱ «ቴርኔራ» ስትባል፣ አንድ ዓመት የሞላው «አኞኾ» ይባላል፤ «አኞ» ዓመት ማለት ነውና። ወይፈኑ «ኖቢዮ»፣ ጊደሯ «ኖቢያ»፣ ተኰላሽቶ ቀንበር የሚሸከመው በሬ ደግሞ «ብዌይ» ነው። በበግ በኩል ጡት ያልጣለው «ሌቻል» ይባላል፤ ወተት «ሌቼ» ስለሆነ ቃሉ ከወተት የወጣ ነው። ከፍ ሲል ጠቦቱ «ኮርዴሮ»፣ ዓመት ሲያልፈው «ቦሬጎ» ይሆናል። ፍየል «ካብራ»፣ ግልገሏ «ካብሪቶ» ነው። በዚህ ላይ ለወጣቶች አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የፍየልን ወጠጤ ለመጥራት «ቺቦ» ማለት ይበቃል፤ «ካብራ» የሚለውን ቃል በራስ ፈቃድ አግንኖ «ትልቅ ፍየል» ለማለት የሚሞክር ተማሪ ግን ለጠብ የሚያደርስ ስድብ ሊያወጣ ይችላል።

ከብት ሁሉ በአንድነት «ጋናዶ» ይባላል። ይህ ቃል «ጋናር» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን «ጋናር» ማትረፍ፣ ማግኘት ማለት ነው። እንግዲህ «ጋናዶ» ማለት የተገኘ ሀብት ነው። በእኛም አገር የቀድሞ ሰዎች «ከብት» ሲሉ ቀንድ ያለውን ብቻ ሳይሆን ንብረትን ሁሉ እንደ ነበረ የሚያስታውስ አንባቢ፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች በአንድ መንገድ እንዳሰቡ ይረዳል። እስፓኞች ለበጎቻቸው የነበራቸውን ክብር ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1273 ዓ.ም. ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ «ሜስታ» የተባለውን የበግ አርቢዎች ማኅበር በሕግ አጸኑ፤ ማኅበሩም እስከ 1836 ዓ.ም. ድረስ ኖረ። በጎቹ በጋውን ከደጋ፣ ክረምቱን ከቈላ እንዲያሳልፉ የሚያደርሷቸው መንገዶች በሕግ የተጠበቁ ሲሆን የዋና ዋናዎቹ ስፋት ወደ 75 ሜትር ይደርሳል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም በየዓመቱ በመፀው ወራት የበግ መንጋ በማድሪድ ከተማ መካከል በአስፋልት ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ እረኞቹም ጥንታዊውን ግብር ለምልክት ያህል ለማዘጋጃ ቤቱ ይከፍላሉ።

በገበያው መደዳ

ወደ ገበያው አዳራሽ በገባን ጊዜ ሴኞራ በመጀመሪያ ያሳዩኝ ምልክቶቹን ነው። የእኛ ልኳንዳ ቤት ሁሉንም በአንድነት ሲሸጥ የእነርሱ ገበያ ግን በየሙያው የተከፋፈለ ነው። «ካርኒሴሪያ» የበሬ፣ የበግና የዐሣማ ሥጋ መሸጫ ነው። «ፖዬሪያ» የዶሮ፣ «ፔስካዴሪያ» የዓሣ ነው። «ቻርኩቴሪያ» ኻሞንና ቋሊማ የሚሸጥበት ሲሆን፣ «ካስኬሪያ» ደግሞ የሆድ ዕቃ ብቻ ይሸጥበታል። በካስቲያ «ሰ»ን በአንዳንድ ቃል ላይ ምላስን ከጥርስ መካከል አድርገው፣ እንግሊዞች «ሦስት» ብለው ሲጀምሩ እንደሚሉት ይሉታል። በአሜሪካ በሚገኙት አገሮች ግን «ሰ» ተብሎ ይነገራልና እኔም በዚህ ጽሑፍ በዚያው ጻፍሁት።

ኢትዮጵያዊ ልቡ የሚደሰተው ከካስኬሪያው ፊት ሲቆም ነው። ጉበት «ኢጋዶ»፣ ኩላሊት «ሪኞኔስ»፣ ምላስ «ሌንጓ» ተብሎ ተደርድሯል። ጨጓራው «ካዮስ» ይባላል፤ የማድሪድ ሰዎች በበርበሬ ሠርተው ይመኩበታል። ዱለት የሚያውቅ ሰው በዚህ ስፍራ ባዕድነት አይሰማውም። ከሙዳው ወገን ደግሞ ጐድን «ኮስቲያ»፣ ሽንጥ «ሎሞ»፣ ጭቅና «ሶሎሚዮ» ነው። የዐሣማ የኋላ ታፋ ሲደርቅ «ኻሞን» ሲባል፣ የፊተኛው ወርች ግን «ፓሌታ» ይባላል፤ ዋጋውም ይለያያል። ታፋንና ወርችን ለይቶ የማያውቅ ገዢ በማናቸውም አገር ገንዘቡን ያጣል።

ዶሮ በሦስት ስም ይጠራል። አውራው «ጋዮ»፣ እንቁላል የምትጥለው «ጋዪና» ናቸው፤ «ፖዮ» ግን ለወጥ የሚሆነው ለጋው ዶሮ ነው። ከምግብ ቤት ገብቶ «ጋዮ አምጡልኝ» የሚል እንግዳ ንጋትን የሚያበሥረውን አውራ ዶሮ እንደ ጠየቀ ይቈጠራል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቃል «ማንቴካ» ነው። በእስፓኝ አገር «ማንቴካ» የዐሣማ ሞራ ነው፤ ቅቤ «ማንቴኪያ» ይባላል። በአርጀንቲና ግን «ማንቴካ» ያው ቅቤው ነው። በእስፓኝ ለልደት በዓል የሚሠሩት የሚፈረካከሱ ጣፋጭ ብስኩቶች ብዙዎቹ በዚህ ሞራ የተለወሱ ናቸው። እንግዲህ በሃይማኖቱ ምክንያት ዐሣማ የማይበላ ክርስቲያንም ሆነ እስላም ኢትዮጵያዊ ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ብስኩቱንም መጠየቅ አለበት። ዘይቱ ግን አያሠጋም፤ «አሴይቴ» ይባላል፤ እርሱም በዐረብኛ በኩል የመጣው የእኛው «ዘይት» ነው። ዐረቦች ከ711 ዓ.ም. አንሥቶ ለብዙ መቶ ዓመታት በዚያ አገር ስለ ኖሩ፣ «አሱካር» ስኳር፣ «አሮስ» ሩዝ፣ «ሊሞን» ሎሚ መሆናቸውን ማንም ሳያስረዳን እናውቀዋለን። ክብ ተደርጎ የሚሠራው የተፈጨ ሥጋም «አልቦንዲጋ» ይባላል፤ ይህም ከዐረብኛ የተወረሰ ነው።

ስለ ዐሣማ

አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ሴኞራን ስለ ምን በምግባቸው ሁሉ ዐሣማ እንደሚጨምሩ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ከመንገድ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ልጅነታቸው አጫወቱኝ። የእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1936 እስከ 1939 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የረኃብ ዓመታት ይባላሉ። ዳቦና ዘይት በካርድ ይታደል ነበር፤ የካርዱም ሥርዐት የቀረው በ1952 ዓ.ም. ነው። በመንደራቸው አንድ ዐሣማ ያሳደገ ቤተ ሰብ ዓመቱን ይከርማል፤ ያላሳደገ ደግሞ የጎረቤቱን ደጅ ያያል። በኅዳር 11 ቀን፣ በሳን ማርቲን በዓል ሰሞን ብርዱ ሲጠና «ማታንሳ» ይደረጋል፤ ይኸውም ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ዐሣማውን የሚያርድበት ቀን ነው። ኻሞኑ ይሰቀላል፤ ቾሪሶው ይጠቀጠቃል፤ ሞራው ይቀልጣል። «ለእያንዳንዱ ዐሣማ ሳን ማርቲኑ ይመጣለታል» የሚለው ተረታቸውም ከዚህ የወጣ ነው፤ በደለኛ ሁሉ የፍርድ ቀኑ ይደርስበታል ማለታቸው ነው።

«እናቴ ከምስሩ ላይ አንዲት ቍራጭ ቾሪሶ ስታገኝ ለእኔ ትሰጠኝ ነበር፤ እርስዋ ግን አትበላም» አሉኝ ሴኞራ። ይህን በሰማሁ ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። በዚያች ረቡዕ ከሳሕኔ የጨመሩት ነገር ተንኰል ሳይሆን በልጅነታቸው ከሚያውቁት ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ነበር። እኔ ደግሞ በራቸውን ዘግቼባቸው ነበር።

ሴኞራ ያላነሡት፣ እኔ ግን በመጽሐፍ ያነበብሁት ሌላም ታሪክ አለ። በ1492 ዓ.ም. አይሁድ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ወይም አገሩን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ፤ በካስቲያ የነበሩት እስላሞችም በ1502 ዓ.ም. ተመሳሳይ ትእዛዝ ደረሰባቸው። በ1478 ዓ.ም. የተቋቋመውና እስከ 1834 ዓ.ም. የቈየው ኢንኲዚሲዮን የተባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤትም ሃይማኖታቸውን የለወጡትን ሰዎች ይከታተል ነበር። ዐሣማ አለመብላት ከማስረጃዎቹ አንዱ ሆኖ ይቈጠር ነበር። «ማራኖ» የሚለው ቃል ዐሣማ ማለት ሲሆን፣ «የተከለከለ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል እንደ መጣ ሊቃውንት ይገምታሉ። ይህንኑ ቃል ክርስትናን ለተቀበሉት አይሁድ የስድብ ስም አደረጉት። እንግዲህ ከአንድ የድስት ወጥ ውስጥ አንዲት ቍራጭ መኖርና አለመኖር የሰውን ንብረትና ሕይወት የሚወስንበት ዘመን ነበር። የእኔ የምስር ሳሕን ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነገር ነው።

ባሕር የተሻገሩ ቃላት

በ1493 ዓ.ም. ኮሎምቦስ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ በ17 መርከቦቹ ፈረስ፣ ላም፣ በግ፣ ፍየልና ዐሣማ ጭኖ ሄደ። ከዚያ በፊት በዚያ ምድር ላምም በግም አልነበረም፤ ስለዚህ ከብቱና ስሙ በአንድ መርከብ ተሻገሩ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ስሞቹ በየአገሩ ተለዋወጡ። በእስፓኝ «ካርኔ ዴ ባካ» ወይም «ቴርኔራ» የሚባለው በሜክሲኮ «ካርኔ ዴ ሬስ» ይባላል። በአርጀንቲና ያለ ተጨማሪ «ካርኔ» ካሉ የከብት ሥጋ ነው። ዐሣማ በእስፓኝ «ሴርዶ»፣ በኩባ «ፕዌርኮ»፣ በአርጀንቲና «ቻንቾ» ነው። «ፓቦ» የተባለው የፈረንጅ ዶሮ በሜክሲኮ በነባሩ ሕዝብ ቋንቋ «ጓኾሎቴ» ይባላል። በአንዲስ ተራራ የሚኖሩ ሰዎች «ቻርኪ» የሚሉት ደግሞ ያው የእኛ ቋንጣ ነው።

የካውቦይ ፊልም የሚወድ ወጣትም ሳያውቀው ብዙ እስፓንኛ ተምሯል። የከብት ርቢው ስፍራ «ራንች»፣ ገመዱ «ላሶ»፣ የፈረስ ግልቢያው ውድድር «ሮዴዮ» ሁሉ ከዚህ ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። «ሙስታንግ» የሚባለው የዱር ፈረስም ስሙ ከላይ ከጠቀስነው የበግ አርቢዎች ማኅበር ከ«ሜስታ» ይመጣል፤ በመጀመሪያ ባለቤት የሌለውን የባዘነ ከብት የሚያመለክት ቃል ነበር።

ለእኛስ ምን ይጠቅማል?

አንዳንድ ሰው እስፓንኛ ከእኛ የራቀ ቋንቋ ነው ይል ይሆናል። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። ሃያ አገሮች የመንግሥት ቋንቋ አድርገውታል፤ ከእነዚህም አንዷ በ1968 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው የአፍሪካዪቱ ኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም ከሥራ ቋንቋዎቹ መካከል ይቈጥረዋል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው በኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ ተምረዋል፤ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ እስፓንኛ ሲናገሩ የሚገኙ አሉ። ወደ ኋላም ብንመለከት፣ በ1603 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣውና በ1618 ዓ.ም. የዐባይን ምንጭ ያየው ፔድሮ ፓኤስ የእስፓኝ ተወላጅ ነበር። እርሱ አማርኛንና ግዕዝን አጥንቶ ነበር። እንግዲህ ብድሩን መመለስ የእኛ ተራ ነው።

ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ከእኔ ስሕተት የሚያገኘው ምክር ጥቂት ነው። አንደኛ፣ ቃሉን ለብቻው አትያዝ፤ ከቤተ ሰቡ ጋራ ያዘው። ላሟን ስታጠና ኮርማውን፣ ጥጃውንና ወይፈኑን አብረህ አጥና። ሁለተኛ፣ ከእንግሊዝኛ አትነሣ፤ ከአማርኛ ተነሣ። ከገጠር አያት ዘንድ ያደገ ሰው በረቱን ስለሚያውቅ ስሙን ለመለወጥ ብቻ ይደክማል። የከተማ ልጅ ግን ጊደርን ከጥጃ የማይለይ ከሆነ በቅድሚያ የራሱን ቋንቋ ይማር። ሦስተኛ፣ የአገሩን ስም ጠይቅ፤ የማድሪዱ ቃል በቦነስ አይረስ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና። አራተኛ፣ የማትበላውን ነገር በአንድ ቃል አትጠቅልለው፤ እያንዳንዱን በስሙ ጥራው። ከሁሉም በላይ ግን፣ ነገር ሲበላሽ ሰውዬውን ከመጠርጠር በፊት ቃሉን ጠርጥር።

ከእስፓኝ ልመለስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ የመጨረሻዪቱ ረቡዕ ደረሰች። ሴኞራ ምስር ቀቀሉ። ሳሕኑን ከፊቴ ካስቀመጡ በኋላ በጣታቸው እየቈጠሩ፣ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ቾሪሶ፣ ሲን ኻሞን፣ ሲን ማንቴካ» አሉኝ፤ ሥጋ የለበትም፣ ቾሪሶ የለበትም፣ ኻሞን የለበትም፣ ሞራ የለበትም ማለታቸው ነው። ከዚያም ለራሳቸው ከዚያው ድስት ጨልፈው፣ ምንም ሳይጨምሩበት አጠገቤ ተቀምጠው በሉ። እኔም በዚያን ቀን ሳሕኔን ጨርሼ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁ፤ በመጀመሪያ በእስፓንኛ፣ ቀጥሎም ትርጕሙን ሊጠይቁኝ ስለ ወደዱ በአማርኛ።